የኪርጊዝ ቋንቋ ያለፈ ጊዜ ግሥ ለጀማሪ አማርኛ ተናጋሪ

ኪርጊዝኛ ከካዛክኛና ከቱርክኛ ጋር የሚዛመድ የቱርክ ቤተሰብ ቋንቋ ሲሆን፣ በኪርጊዝስታን ከ1989 ጀምሮ በሕግ የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል። ዛሬ የሚጻፈው 36 ፊደላት ባሉት የሲሪሊክ ፊደል ነው። ከአማርኛ ጋር የዘር ዝምድና የለውም፤ ሆኖም ያለፈውን ጊዜ ለመማር አማርኛ አፍ የፈታ ሰው ብዙ ሌላ ተናጋሪ የሌለው መንገድ አለው፣ ይኸውም «መጣ»ን ከ«መጥቶ ኖሯል» የመለየት ልማድ ነው፤ ይህ ጽሑፍም የሚከተለው ያንን መንገድ ነው።

አስቀድሞ ስለ አጻጻፉ ጥቂት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ኪርጊዝኛ «እ» የሚለውን አናባቢ ልክ እንደ አማርኛ ሳድስ ያለ ድምፅ አድርጎ ይጠቀምበታል። በቃል መጨረሻ ላይ መነበብ ሲኖርበት «ባርድእ» እያልኩ «እ» እጨምራለሁ። «ንግ» አንድ ድምፅ ነው፤ በአፍንጫ ወጥቶ «ግ»ው ለብቻው ሳይሰማ ይቀራል። ከዚህ ሌላ በአማርኛ የሌሉ ሁለት አናባቢዎች አሉ፤ «ኤ» እያሉ ከንፈርን በማሞጥሞጥ የሚገኘውን በ«ኦ»፣ «ኢ» እያሉ ከንፈርን በማሞጥሞጥ የሚገኘውን ደግሞ በ«ኡ» እጽፋቸዋለሁ፤ በሚመጡበት ቦታም «ለስላሳ» እላቸዋለሁ።

ሥራው የሚጀመረው ከግሡ ሥር ነው። የኪርጊዝ ግሥ ሥር ለአንድ ሰው ትእዛዝ ስንሰጥ የምንለው ቃል ራሱ ስለሆነ፣ «ኬል» ማለት «ና»፣ «ባር» ማለት «ሂድ» ማለት ነው። በዚህ ሥር ላይ «ዲ» ይጨመራል፤ ከ«ዲ» ቀጥሎ ደግሞ ድርጊቱን የፈጸመው ማን እንደሆነ የሚናገር ቅጥያ ይመጣል። ኬልዲም፣ መጣሁ። ኬልዲንግ፣ መጣህ ወይም መጣሽ። ኬልዲንጊዝ፣ እርስዎ መጡ። ኬልዲ፣ መጣ ወይም መጣች። ኬልዲክ፣ መጣን። ኬልዲንጌር፣ መጣችሁ። ኬሊሽቲ፣ መጡ። ጾታ እንደማይለይ ልብ ይሏል፤ አክብሮት ግን «አንተ» እና «እርስዎ» እንደምንለው ይለያልና ታላቅን ሰው «ኬልዲንግ» ማለት ነውር ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ የሚሰናከልበት አንድ ቦታ አለ። «ሄድክ» የለመደ ጆሮ «ኬልዲክ» ሲሰማ «መጣህ» የተባለ ይመስለዋል፤ ትርጉሙ ግን «መጣን» ነው። ይህን ቅጥያ ለብቻው አውጥቶ ደጋግሞ መለማመድ ከሁሉም ይቀድማል ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ስሕተቱ የፊደል ሳይሆን የባለቤት ስሕተት ስለሆነ ንግግሩን በሙሉ ያዛባል።

«ዲ» ሁልጊዜ «ዲ» ሆኖ አይቀርም። አናባቢው የሥሩን አናባቢ ይከተላል፤ ኬል ላይ «ዲ» የነበረው ባር ላይ «ድእ» ሆኖ ባርድእ (ሄደ)፣ ቦል ላይ «ዱ» ሆኖ ቦልዱ (ሆነ)፣ ኮር ላይ ደግሞ ለስላሳ «ዱ» ሆኖ ኮርዱ (አየ) ይላል፤ የኮርዱ «ኦ»ም ለስላሳ ነው። ተነባቢውም ቢሆን ሥሩ በፕ፣ ት፣ ክ፣ ስ፣ ሽ ወይም ች ሲያልቅ ወደ «ት» ይለወጣል፤ ኢች (ጠጣ በለው) ኢችቲ፣ ኬት (ሂድ፣ ተነሥ ውጣ) ኬትቲ ይሆናል። የመጨረሻው ላይ «ት» መጥበቁ ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ኪርጊዝኛ ግን ጥብቀቱን ሁለት ፊደል አድርጎ ይጽፈዋል።

አሉታው ከአማርኛ ይልቅ ቀላል ነው። አማርኛ «አልመጣሁም» ሲል ግሡን ከፊትም ከኋላም ያቅፈዋል፤ ኪርጊዝኛ በሥሩና በ«ዲ» መካከል «ቤ» ያስገባና ኬልቤዲም ይላል። በኢች ላይ «ቤ» ወደ «ፔ» ይለወጥና ኢችፔዲም (አልጠጣሁም) ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ «ኢችቲም» ያለውን አስታውሶ «ኢችፔቲም» ይላል፤ ነገር ግን ከ«ዲ» በፊት ያለው ድምፅ አሁን አናባቢ ስለሆነ «ዲ» ወደ ቦታው ይመለሳል። ለጥያቄ «ወይ» እንደምንለው መጨረሻው ላይ «ቢ» ይቀጠላል፦ ኬልዲንግቢ? መጣህ ወይ? የዐረፍተ ነገሩ አሰካክም የኛው ነው፤ «ሜን ካት ጃዝድም» ቃል በቃል «እኔ ደብዳቤ ጻፍኩ» ነውና።

የ«ዲ» ቅርጽ ተናጋሪው በእርግጠኝነት ለሚያውቀውና ጊዜው ለተወሰነ ድርጊት ይሆናል፤ «ሜን ኬቼ ኬልዲም»፣ ትናንት መጣሁ። ድርጊቱ መቼ እንደሆነ ሳይሆን በሕይወት ውስጥ መኖሩ ሲነገር «ጌን» (ባር ላይ «ጋን») ይመጣል፤ «ሜን ቢሽኬክኬ ባርጋንምን» ማለት «ቢሽኬክ ሄጄ አውቃለሁ» ማለት ነው። «ሄጄ አላውቅም» ደግሞ «ባርጋን ኤሜስሚን» ይባላል። «መጥቼ ነበር» ለማለት «ኬልጌን ኤሌም»፣ «እመጣ ነበር» ለማለት ለስላሳውን «ኡ» ይዞ «ኬልቹሙን» ይበቃል።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን «ኢፕቲር» ነው። ማታ ተኝተው ጠዋት መጋረጃውን ሲገልጡ ግቢው ነጭ ሆኖ አገኙት እንበል፤ በረዶው ሲወርድ አላዩም፣ ያዩት የወረደውን ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ «ካር ጃኣድእ» (በረዶ ወረደ) አይባልም፣ እርሱ ሲወርድ ያየ ሰው አነጋገር ነው። የሚባለው «ካር ጃኣፕትር» ነው። ብዙ ቋንቋ ይህን ለማስረዳት ረጅም ሐተታ ያስፈልገዋል፤ በአማርኛ ግን «ለካ በረዶ ወርዶ ኖሯል» ብለን እንጨርሰዋለን። በዚህ ስሜት «ለካ … ኖሯል» በአፋችን በመጣ ቁጥር ኪርጊዝኛው «ኢፕቲር» ይሆናል። ኬሊፕቲር፣ ለካ መጥቶ ኖሯል። ከሰው የሰማነውንም እንዲሁ እንናገርበታለን፤ «መጥቷል አሉ» እንደምንለው። ሰው ስለ ራሱም ሊለው ይችላል፦ «ኡክታፕ ካልፕትርምን»፣ ለካ እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሯል፤ የተኛ ሰው መተኛቱን የሚያውቀው ሲነቃ ነውና።

ለልምምድ ዐሥር ግሥ ብቻ ይመረጥ። በየማታው ስለ ዋለው ቀን አምስት ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ሦስቱ በገዛ ዓይን ስለታየ ነገር በ«ዲ»፣ አንዱ ከሌላ ሰው ስለተሰማ ነገር በ«ኢፕቲር»፣ አምስተኛው በአሉታ። ከመጻፍ በፊት እያንዳንዱን በአማርኛ ጮክ ብሎ መናገርና «መጣ» ነው ወይስ «መጥቶ ኖሯል» ያልኩት ብሎ መለየት ነው፤ ቅርጹ ከዚያ በኋላ በራሱ ይመረጣል።