የሕፃናት ሕክምና ጥራት በጤና ጣቢያ እንዴት ይለካል?

አንድ ጊዜ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ገብቼ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መዝገብን ገለጥኩ። ሁለት ገጽ ሙሉ፣ ሳል ይዞት የመጣ ሕፃን ሁሉ በደቂቃ 38 ጊዜ ይተነፍሳል። ተማክረው የሚተነፍሱ ነው የሚመስለው። ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት ባየው ቆሟል። ባትሪው ካለቀ ሰንብቷል።

መዝገቡ ግን አንድም ባዶ ቦታ የለውም። በሪፖርት ብቻ ቢለካ ያ ጤና ጣቢያ አንደኛ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ጥራት መለካት የምትፈልጉ ኃላፊዎችም ሆናችሁ የቦርድ አባላት፣ ከወረቀቱ ሳይሆን ከሕፃኑ ጀምሩ።

መጀመሪያ ቀን ምረጡ። በገበያ ቀን እናቶች ሁለቱን ጉዳይ በአንድ መንገድ ስለሚጨርሱ ወረፋው ይረዝማል፣ ባለሙያውም ይቸኩላል። አንድ የገበያ ቀን፣ አንድ ጭር ያለ ቀን ውሰዱ። ልዩነቱ ራሱ መልስ ነው።

ቀጥሎ ዕቃውን እዩ። «አለ ወይ?» ብላችሁ አትለፉ፤ «ይሠራል ወይ?» በሉ። ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ ይቆማል? አንድ ሊትር ውኃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ አስቀምጡበት፤ ከ1 ኪሎ ብዙም ማለፍ የለበትም። የሳንባ ምች መድኃኒቱ አሞክሲሲሊን፣ ለተቅማጥ የሚሰጡት ኦአርኤስና ዚንክ ጊዜያቸው አላለፈም? የእጅ መታጠቢያው ውኃ አለው?

ዋናው ሥራ ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። እናትየዋንም ባለሙያውንም አስፈቅዳችሁ ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡ። ባለሙያው አራቱን የአደጋ ምልክቶች አጣራ? መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ ማንቀጥቀጥ፣ መድከም ወይም ራስን መሳት። ከስድስት ወር በላይ ከሆነ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ተለካ? ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከባድ የምግብ እጥረት ነው።

ትንፋሽ ላይ ግን ጊዜ ስጡ። ሕፃኑ በነጠላ እንደተጠቀለለ ወይም እያለቀሰ የተቆጠረ ትንፋሽ ግምት ነው። ረጋ ብሎ፣ ደረቱ ተገልጦ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠራል። እናንተም በልባችሁ ቁጠሩ፤ ከባለሙያው ቁጥር ጋር አስተያዩት። ከሁለት ወር በታች ለሆነ 60፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት 40 እና በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። አንድ የስምንት ወር ልጅ 54 ተንፍሶ መዝገቡ ላይ 38 ከተጻፈ፣ የሳንባ ምች ይዞት በጉንፋን ስም ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የሕፃናት ክብካቤ ጥራት መመዘኛ ሕክምናውን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ እንዴት እንደተስተናገደም ይመለከታል። ስለዚህ በሩ ላይ እናትየዋን አነጋግሩ። «አገልግሎቱ እንዴት ነበር?» ብትሏት «ተመስገን፣ ደኅና ነው» ትላችኋለች። ይሉኝታ አለብን። ይልቅ «እስኪ መድኃኒቱን አሳዪኝ፣ እንዴት አድርገሽ ነው የምትሰጭው? ምን ስታዪ ነው መልሰሽ የምታመጪው?» በሏት። ለተቅማጥ ዚንክ ይዛ ከሆነ፣ ተቅማጡ ቢቆምም በቀን አንድ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን እንደምትሰጥ ማወቅ አለባት። ካላወቀች ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ ሳል ካለባቸው 20 ሕፃናት የ13ቱ ትንፋሽ በትክክል ከተቆጠረ 65 በመቶ ነው። ሳንባ ምች ሳይኖራቸው አንቲባዮቲክ የወሰዱትንም ለብቻ አስሉ፤ ይህኛው ቁጥር ከፍ ሲል መጥፎ ነው።

ውጤቱን ለባለሙያዎቹ እዚያው፣ በዚያው ቀን ንገሯቸው። ቡና እየተጠጣ ቢሆን ይመረጣል፤ የተቆጣ ሰው አይማርም። የሚስተካከለውንም ከአንድ ወይም ከሁለት አታብዙት። እኛ ያን ቀን የተስማማነው ባትሪ ለመግዛት ነበር።

ስመለስ መዝገቡ ላይ 34፣ 47፣ 41፣ 56 ተጽፎ አገኘሁ። አንዱ ተሰርዞ እንደገና ተጽፏል።