የሃሎጅን ኦክሶአሲዶችን ብርታት ሳይሸመድዱ ማወዳደር

መጀመሪያ የአሲዱን ሞለኪውል ሣሉት። በኦክሶአሲድ (ኦክስጅን በያዘ አሲድ) ውስጥ ሃይድሮጅኑ የተያያዘው ከኦክስጅን ጋር ነው እንጂ ከሃሎጅኑ (ክሎሪን፣ ብሮሚን ወይም አዮዲን) ጋር በቀጥታ አይደለም። ቀጥሎ ሃይድሮጅን ያልያዙትን ኦክስጅኖች ብቻ ቁጠሩ፦ ሃይፖክሎረስ አሲድ 0፣ ክሎረስ 1፣ ክሎሪክ 2፣ ፐርክሎሪክ 3።

ይህን ቁጥር በ5 አባዙና ከ8 ቀንሱ። ግምታዊው ፒኬኤ (የአሲድ ብርታት መለኪያ) በቅደም ተከተል 8፣ 3፣ -2 እና -7 ይወጣል፤ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል። ለሃይፖክሎረስ የተለካው 7.5፣ ለክሎረስ 2 ገደማ ስለሆነ ስሌቱ በአንድ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊስት ይችላል። ለማወዳደር ግን ይበቃል።

ምክንያቱ ያለው ፕሮቶኑ (የሃይድሮጅን አዮኑ) ከሄደ በኋላ በሚቀረው አዮን ላይ ነው። በሃይፖክሎራይት (የሃይፖክሎረስ አዮን) ኔጌቲቩ ቻርጅ በዋናነት አንድ ኦክስጅን ላይ ይከማቻል፤ በፐርክሎሬት (የፐርክሎሪክ አዮን) ግን አራቱ ኦክስጅኖች እኩል ይካፈሉታል። ቻርጁ የተሠራጨለት አዮን ስለሚረጋጋ ፕሮቶኑን መልሶ ለመያዝ አይቸኩልም።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ኦርቶፐርአዮዲክ አሲድ ላይ ነው። ስድስት ኦክስጅን አለውና ከፐርክሎሪክ የሚበልጥ ይመስላል። ስትሥሉት ግን አምስቱ ሃይድሮጅን ይዘዋል፤ የሚቆጠረው አንዱ ብቻ ነው። ስሌቱ 3 ይሰጣል፤ የተለካው 3.3 ገደማ ነው። አዮዲን ትልቅ አተም በመሆኑ ስድስት ኦክስጅን በዙሪያው ይይዛል፤ ክሎሪን ከአራት አያልፍም።

የኦክስጅኑ ቆጠራ እኩል ከሆነ ዳኛው ሃሎጅኑ ነው። የክሎሪን ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ (ኤሌክትሮን የመሳብ አቅም) 3.2፣ የብሮሚን 3.0፣ የአዮዲን 2.7 ነው። ኤሌክትሮን አጥብቆ የሚስበው ክሎሪን አሲዱን ያበረታል፦ የሃይፖክሎረስ ፒኬኤ 7.5፣ የሃይፖብሮመስ 8.6፣ የሃይፖአዮደስ 10.6 ገደማ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ኦክስጅን በሌላቸው አሲዶች ይገለበጣል፤ ሃይድሮአዮዲክ ከሃይድሮክሎሪክ ይበረታል። እዚያ የሚበጠሰው የሃይድሮጅንና የሃሎጅኑ ቦንድ ራሱ ነው፤ የአዮዲኑ ደግሞ ከሁሉም የላላ ነው።

ውጤቱን በፒኤች ማየት ከፈለጋችሁ 0.1 ሞላር ሙሙት አስቡ። በስሌት ሃይፖክሎረስ 4.3፣ ክሎረስ 1.5 አካባቢ ይሰጣል። ክሎሪክና ፐርክሎሪክ ግን ሁለቱም 1 ገደማ ናቸው፤ ውሃ የሁለቱንም ፕሮቶን ሙሉ ለሙሉ ስለሚቀበል ልዩነታቸውን ይደብቀዋል። ልዩነቱ የሚገለጠው ፕሮቶን የመቀበል ዝንባሌው ከውሃ ባነሰ አሟሚ ውስጥ ነው። ይህን በወረቀት ላይ ብቻ ሥሩት፤ የተከማቸ ክሎሪክ ወይም ፐርክሎሪክ አሲድ ከኦርጋኒክ ነገር ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ይችላል።

ደካማ አሲድ ማለት ጉዳት የሌለው ማለትም አይደለም፦ ሃይፖክሎረስ ደካማ አሲድ ሆኖ ሳለ ብርቱ ኦክሳይድ አድራጊ (ከሌሎች ነገሮች ኤሌክትሮን የሚነጥቅ) ነው።