በጣና ዳርቻ ቀበሌዎች የአየር ንብረት ተጋላጭነትን ለመገምገም የሚረዳ መመሪያ

ይህ ጽሑፍ በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በፎገራ፣ በደራ፣ በሊቦ ከምከም፣ በደምቢያ ወይም በሌላ የጣና ዳርቻ ወረዳ የተጋላጭነት ግምገማ እንዲሠሩ ለሚመደቡ የግብርና፣ የውኃና የአደጋ ሥጋት ባለሙያዎች፣ እንዲሁም በዚሁ ርእስ የመመረቂያ ጥናት ለሚያዘጋጁ ተማሪዎች የቀረበ ነው። ብዙ ግምገማዎች ከኮምፒውተር በወረደ ካርታ ጀምረው ወረዳውን በሙሉ በአንድ ቀለም ቀብተው ያልቃሉ። እኔ የምመክረው ሥራው ከነዋሪው ኑሮና ሊወሰን ከታሰበው ጉዳይ እንዲጀምር፣ የአየር ንብረት ሞዴል (የወደፊቱን አየር ንብረት በኮምፒውተር የሚያሰላ ዘዴ) ግምትም ለዚያ ጉዳይ በሚጠቅመው መጠን ብቻ እንዲገባ ነው። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄውን ማጥበብ

«ፎገራ ለአየር ንብረት ለውጥ ምን ያህል ተጋላጭ ነው?» ተብሎ ከተጠየቀ የሚገኘው መልስ ለማንም አይጠቅምም። ማን፣ ለየትኛው አደጋ፣ እስከ መቼ የሚሉት ሦስቱ ነገሮች ከመጀመሪያው ተለይተው መጻፍ አለባቸው። ለምሳሌ «በጉማራ ወንዝ ግራና ቀኝ ሩዝ የሚያመርቱ ቤተሰቦች እስከ 2050 ባለው ጊዜ ለወንዝ ሙላትና ለክረምቱ ዝናብ ቀድሞ መውጣት ያላቸው ተጋላጭነት ምን ይመስላል?» ቢባል፣ የትኛው መረጃ እንደሚፈለግ፣ ማን እንደሚጠየቅና ውጤቱን የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሚጠቀምበት ወዲያው ይታወቃል።

ለሐሳቡ ማዕቀፍ የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል ከ2014 ሪፖርቱ ጀምሮ የሚጠቀምበትን አከፋፈል መከተል ይበጃል። በዚህ አከፋፈል ሥጋት ከሦስት ነገሮች መገናኘት ይፈጠራል፤ እነሱም አደጋው ራሱ፣ ሰውና ንብረት አደጋው በሚደርስበት ስፍራ መገኘታቸው፣ እና በቀላሉ የመጎዳት ባሕርይ ናቸው። የመቋቋም አቅም ማነስ በሦስተኛው ውስጥ ይካተታል። የ2007ቱ ሪፖርት ግን ተጋላጭነትን የገለጸው ለለውጡ በመጋፈጥ፣ በቀላሉ በመነካትና በመላመድ አቅም ስለሆነ፣ ሁለቱን አከፋፈሎች በአንድ ሠንጠረዥ መቀላቀል አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ወደመቁጠር ያደርሳል። አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ይጽኑ።

ያለፈውን አየር ንብረት ማወቅ

ስለወደፊቱ ከማሰብ በፊት ቢያንስ የ30 ዓመት መዝገብ ያስፈልጋል፤ 1981–2010 ወይም 1991–2020 ጥሩ መነሻ ዘመኖች ናቸው። የባሕር ዳር፣ የጎንደር፣ የደብረ ታቦርና የዳንግላ ጣቢያዎች መዝገብ ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በደብዳቤ ይጠየቃል። በጣቢያዎች መካከል ላለው ባዶ ስፍራ ከ1981 ጀምሮ ያለውንና ጎናቸው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ አራት ማዕዘን ሴሎች የተከፋፈለውን ቺርፕስ የተባለ የሳተላይትና የጣቢያ ቅልቅል የዝናብ መረጃ መጠቀም ይቻላል። ይሁን እንጂ ሐይቁ ራሱ የዳርቻውን ዝናብ ስለሚለውጥ፣ የቺርፕስን ወርኃዊ መጠን በአካባቢው ካለ ጣቢያ ጋር ሳያነጻጽሩ አይመኑት።

ዓመታዊ ድምር ብዙ አይናገርም። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ገበሬውን የሚያስጨንቀው ዝናቡ መቼ እንደገባ፣ በሐምሌና በነሐሴ መካከል ለስንት ቀን እንደተቋረጠ፣ መቼ እንደወጣ እና በአንድ ቀን ምን ያህል እንደወረደ ነው። ስለዚህ ከዕለታዊው መዝገብ የዝናቡን አገባብ፣ አወጣጥ፣ ረጅሙን ደረቅ ጊዜና የዓመቱን ከፍተኛ የአንድ ቀን ዝናብ ለየዓመቱ አስልተው ያስቀምጡ።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይም ጥንቃቄ ይሻል። የጣቢያው መዝገብ በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን ነዋሪው የሚያስታውሰው በዓመተ ምሕረት ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 8 ዓመት ስለሆነ፣ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቀው ጎርፍ በመዝገቡ የሚገኘው በ2006 ነው። ይህን ለሁሉም ቃለ መጠይቅ አስቀድሞ በሠንጠረዥ ማዘጋጀት ብዙ ስሕተት ያስቀራል።

የወደፊቱን ግምት ማንበብ

የዓለም አቀፍ ሞዴሎች አንድ ሴል በአብዛኛው ከ100 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ጎን አለው። በእንዲህ ያለ ሴል ውስጥ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የሐይቅ ዳርቻና ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ በአንድ አማካይ ሊጠቃለሉ ይችላሉ፤ ሐይቁም በብዙዎቹ ሞዴሎች በአግባቡ አይወከልም። ኮርዴክስ በሚባለው መርሐ ግብር ለአፍሪካ የተዘጋጁት የአካባቢ ሞዴሎች ወደ 50፣ አንዳንዶቹም ወደ 25 ኪሎ ሜትር ስለሚወርዱ የተሻሉ ናቸው፤ ሆኖም እነሱም ቢሆኑ ቀበሌን ከቀበሌ አይለዩም። የሞዴል ካርታን አጉልቶ በቀበሌ ወሰን መቁረጥ መረጃውን አያጠራም፤ የሌለ ትክክለኛነት እንዳለ ያስመስላል። ይህ ነገር በሪፖርቶች ውስጥ በብዛት ስለሚታይና መሬት ላይ የሚሠራን ገንዘብ ወደተሳሳተ ስፍራ ሊመራ ስለሚችል አጥብቄ አሳስባለሁ።

አንድ ሞዴል ብቻ አይጠቀሙ፤ ስምንትም ሆነ አሥር ይሰብስቡና ውጤቱን ከነስፋቱ ያቅርቡ። በሙቀት ረገድ ሁሉም ሞዴሎች ወደ ላይ ይጠቁማሉ። በክረምቱ ዝናብ ድምር ላይ ግን አይስማሙም፤ ከፊሉ ጭማሪ፣ ከፊሉ ቅናሽ ያሳያል። አማካያቸውን ወስዶ «ዝናቡ በ3 በመቶ ይጨምራል» ብሎ መጻፍ አለመስማማቱን ይደብቃል። ትክክለኛው አጻጻፍ ከአሥሩ ስንቶቹ ጭማሪ፣ ስንቶቹ ቅናሽ እንዳሳዩ መናገር፣ ከዚያም ዕቅዱን በሁለቱም አቅጣጫ መፈተን ነው። አየሩ በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው እንፋሎት በ7 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ የዝናቡ ድምር ባይለወጥ እንኳ በአንድ ጊዜ የሚወርደው ዶፍ ሊከብድ እንደሚችል ታሳቢ ማድረግ ተገቢ ነው።

የልቀት ሴናሪዮ (ወደፊት ምን ያህል የሙቀት አማቂ ጋዝ ይለቀቃል የሚለው ታሳቢ) ምርጫ ብዙ ሰው የሚጨነቅበትን ያህል አይደለም። ለወረዳ ዕቅድ የሚያስፈልገው ዘመን 2021–2050 ከሆነ፣ መካከለኛውም ከፍተኛውም ሴናሪዮ እስከዚያ ድረስ ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣሉ፤ ሰፊው ልዩነት የሚመጣው ከምእተ ዓመቱ አጋማሽ በኋላ ነው።

የሞዴሉን አድልዎ (ከጣቢያው መዝገብ አዘውትሮ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን) ለማረም ቀላሉና ለወረዳ ሥራ የሚበቃው ዘዴ ለውጡን ብቻ መውሰድ ነው። ሞዴሉ ላለፈው ዘመን 22 ዲግሪ፣ ለወደፊቱ 23.5 ቢሰጥ፣ 1.5 ዲግሪውን በጣቢያው እውነተኛ አማካይ ላይ ይደምሩ። ለዝናብ ግን በመቶኛ ይባዛል። እዚህ ላይ በበጋ ወራት ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ 5 ሚሊ ሜትር ወደ 10 ቢያድግ «100 በመቶ ጭማሪ» ተብሎ ይጻፍና አንባቢውን ያስደነግጣል፤ ለሰብሉ ግን ምንም አይፈይድም።

ሐይቁን በተመለከተ

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ትነት ይጎዳዋል፤ በሐይቁ ላይ ከሚዘንበው ይልቅ ከሐይቁ የሚተነው ይበልጣል፤ ጉድለቱን የሚሞሉት በዋናነት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይህ ሚዛን ስለሚናጋ የሐይቁ ጉዳይ በግምገማው ውስጥ የግድ ይገባል።

ነገር ግን የሐይቁ ከፍታ የአየር ንብረት ብቻ ውጤት አይደለም። በባሕር ዳር በኩል ያለው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ በር ከ1996 ጀምሮ የሚወጣውን ውኃ ይወስናል፤ በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫም ከሐይቁ ውኃ ወደ በለስ ይወስዳል። በ2003 የሐይቁ ከፍታ እጅግ ወርዶ የጀልባ ጉዞ ሲስተጓጎል፣ የዝናብ እጥረትና ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ተደራርበው ነበር። ስለዚህ ከነዋሪ «ሐይቁ ሸሸ» የሚል ምላሽ ሲሰማ፣ የተፋሰሱን ዝናብ፣ የወንዞቹን ፍሰትና የበሩን አሠራር ሳያዩ በአየር ንብረት ለውጥ ዓምድ ሥር መመዝገብ አይገባም። እምቦጭም እንዲሁ ነው፤ ከ2011 ጀምሮ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የተስፋፋው በዋናነት ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ንጥረ ነገር ስለመገበው ሲሆን፣ ሙቀት እድገቱን ያግዘዋል። አረም ነቀላ የሚወስደው የሰው ጉልበት ግን የቤተሰቡን የመቋቋም አቅም ስለሚቀንስ በዚያ በኩል መቆጠር አለበት።

ሰዉን መጠየቅ

ግምገማው የሚጸናውም የሚፈርሰውም እዚህ ነው። አንድ ዓይነት ውኃ ለአንዱ ጥፋት፣ ለሌላው ሲሳይ ይሆናል። በፎገራ ሜዳ የሚተኛው ውኃ ለሩዙ ያስፈልገዋል፤ ሩዙ ከታጨደ በኋላም በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። በዚያው ሜዳ ሽንኩርት ለሚያለማ፣ ከብት ለሚያሰማራ ወይም ጎጆው ከወንዙ አፋፍ ለሆነ ሰው ግን ያው ውኃ ኪሳራ ነው። ከሐይቁ ማፈግፈግ በኋላ የባሕር ሸሽ መሬት የሚያርስ ገበሬ የውኃውን መውረድ በጉጉት ይጠብቃል፤ ዓሣ አጥማጁና ደንገል ቆራጩ ግን ይጎዱበታል። የጎርፍ ካርታ ብቻ ይዞ የሄደ ገምጋሚ የሩዙን ማሳ በሙሉ «ከፍተኛ ሥጋት» ብሎ ይቀባና ትክክለኛውን ተጎጂ ያጣዋል።

ናሙና ሲወጣ የመሬት ይዞታ መዝገብን ብቻ መሠረት ማድረግ ከሁሉ የከፋው ጉድለት ነው። መሬት የሌላቸው ወጣቶች፣ በእኩል የሚያርሱ፣ እንዲሁም ኑሯቸው በሐይቁና በደንገሉ ላይ የተመሠረተው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት በዚያ መዝገብ የሉም። እነዚህን ለይቶ መፈለግ፣ በእማወራ የሚመሩትን ቤተሰቦች ለብቻቸው መመደብ፣ የሴቶችንም ውይይት ከወንዶቹ ለይቶ ማካሄድ ያስፈልጋል፤ በቀበሌ ሊቀ መንበሩ ፊት የሚደረግ ውይይት ብዙ ነገር ያስቀራል።

ውይይቱን «የአየር ንብረት ለውጥ አስቸግሯችኋል ወይ?» ብሎ መጀመር መልሱን አብሮ መስጠት ነው። ይልቁንም «ባለፉት ዓመታት እጅግ የተቸገራችሁት መቼ ነበር? ያን ጊዜ ምን ሸጣችሁ? ማን ደረሰላችሁ?» ተብሎ ይጠየቅ። ላም የሸጠ፣ ልጁን ወደ ቆላ ለቀን ሥራ የላከና ከዕቁብ ተበድሮ ያለፈ ሦስት የተለያየ አቅም ያሳያሉ። ወንፈል፣ ዕድር፣ ሰንበቴና ዕቁብ በባንክ መዝገብ የማይታዩ የመቋቋም አቅሞች በመሆናቸው ለየብቻ ይመዝገቡ። ነገር ግን ጎርፍ መንደሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲመታ ዕድሩም አብሮ እንደሚዳከም አይዘንጉ።

ስለ ዓሣ ሲጠየቅ ቀረሶን፣ አምባዛንና ነጭ ዓሣን በአንድ ላይ መደመር አይገባም። ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ብዙዎቹ በክረምት ወደ ወንዞቹ ወጥተው ስለሚራቡ፣ የወንዝ መቋረጥና የአሸዋ ቁፋሮ እነሱን ይበልጥ ይነካል።

ስሌቱ

አመልካቾችን (ተጋላጭነትን የሚያሳዩ መለኪያዎችን) ከ0 እስከ 1 ለማምጣት ከዋጋው ዝቅተኛውን ቀንሶ፣ ከፍተኛው ከዝቅተኛው በሚበልጥበት ልዩነት ማካፈል ነው። የጤና ጣቢያ ርቀት በቀበሌዎቹ ከ1 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በ5 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ቀበሌ 0.5 ያገኛል። የውኃ መሳቢያ ሞተር ያላቸው ቤተሰቦች ድርሻ ግን ሲጨምር ተጋላጭነትን ስለሚቀንስ ውጤቱ ከ1 ይቀነሳል። ይህን ግልበጣ መርሳት ሀብታሙን ቀበሌ ተጎጂ አድርጎ ያወጣል። በዚህ መንገድ የተገኘ ቁጥር በተለኩት ቀበሌዎች መካከል ብቻ ስለሚያወዳድር፣ የፎገራን 0.6 ከደምቢያ 0.6 ጋር ማስተያየት አይቻልም።

ለየአመልካቹ የሚሰጠውን ክብደት በሁለት ሦስት መንገድ ሞክረው የቀበሌዎቹ ቅደም ተከተል ቢለዋወጥ፣ ያን በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ይጻፉ። ከቀበሌ አማካይ ጎንም የየኑሮ ዘርፉ ውጤት ለየብቻ ይቀመጥ፤ አንድ ቀበሌ በአማካይ 0.4 ሆኖ በውስጡ ያሉት ደንገል ቆራጮች 0.8 ሊሆኑ ይችላሉ፤ ገንዘቡም መሄድ ያለበት ወደ እነሱ ነው።

ረቂቁ ሲያልቅ፣ ወደ ዞን ከመላኩ በፊት፣ ወደተጠየቁት ቀበሌዎች ተመልሶ በአማርኛ ይነበብ። «ይህ ጎጥ ከዚያኛው ይበልጣል» የሚለውን ደረጃ ነዋሪው ካልተቀበለው፣ ምክንያቱን ጠይቆ አመልካቹን ማስተካከል ወይም ልዩነቱን ከነምክንያቱ መመዝገብ ይገባል። ጥሬ መረጃውና የስሌት ሠንጠረዡ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና በአደጋ ሥጋት ክፍሉ በሁለት ቅጂ ይቀመጥ፤ ሥራውን የሚረከበው ባለሙያ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ለተመሳሳይ ጎጦች አቅርቦ ማነጻጸር የሚችለው ያኔ ነው።