ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት፦ ያረጀ መኪና ቼክ ኢንጅን ሲያበራ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ እንዴት ይመረመራል?

ያረጀ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ቼክ ኢንጅን ሲያበራ የተለመደው አካሄድ ይታወቃል። ስካነር ይሰካል፣ ኮድ ይነበባል፣ ኮዱ ስሙን የጠራው ሴንሰር ይገዛል። መብራቱ ተመልሶ ሲበራ ደግሞ «እንግዲያው ኮምፒውተሩ ነው» ይባላል። ኮዱ ግን ዕቃው ተበላሽቷል አላለም። ያለው፣ የሞተሩን ሥራ የሚመራው ኮምፒውተር በዚያ መስመር ላይ ያልጠበቀውን ነገር አይቷል ነው። ሽቦው፣ ሶኬቱ፣ ማሳው (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) ወይም ባትሪው ሊሆን ይችላል፤ በአሮጌ መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ለሥራው ዲጂታል ቴስተር፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ኢኤልኤም 327 የተባለ ርካሽ ስካነር፣ የ10 ቁጥር ቁልፍ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀትና የኤሌክትሪክ ሶኬት ማጽጃ ስፕሬይ ይበቃል። አምፖል ያለውን ቴስተር ወደ ኮምፒውተር ሽቦ አያስጠጉት፤ የሚስበው ከረንት ቀጭኑን መስመር ሊያቃጥል ይችላል። ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ መኪኖች ከርካሹ ኢኤልኤም ጋር አይግባቡም። ያን ጊዜ መጀመሪያ ስካነሩ የሚሰካበት ባለ 16 ቀዳዳው ሶኬት ላይ ቁጥር 16 የባትሪ ቮልት፣ ቁጥር 4 እና 5 ማሳ እንዳላቸው ይለኩ። እነዚህ ካሉ ችግሩ የቋንቋ ነው፤ የተሻለ ስካነር ያለው ጋራዥ ይፈልጉ።

ኮዱን ከማጥፋትዎ በፊት ይጻፉት። አብሮት የተቀመጠውን «ፍሪዝ ፍሬም»ም ይጻፉ፦ ኮዱ ሲመዘገብ ሞተሩ ስንት ዙር ላይ ነበር፣ ስንት ዲግሪ ሞቆ ነበር፣ በስንት ፍጥነት ይሄድ ነበር። ኮዱ ሲጠፋ ይህም አብሮ ይጠፋል።

ቀጥሎ ባትሪ። መኪናው አድሮ ጠዋት 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው። ሞተሪኖ (ማስነሻው) ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ኮምፒውተሩ የማይገናኙ ብዙ ኮዶችን በአንድ ጊዜ ሊደረድር ይችላል፤ አምስት ሴንሰር በአንድ ቀን አይሞትም። ሞተር ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ ዲናሞ መሞከር የካርቡራተር ዘመን ልማድ ነው። ባትሪው ሲነቀል ዲናሞው የሚለቀው ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልት ደህናውን ኮምፒውተር ሊገድለው ይችላል። ይህን የሚያደርግ መካኒክ ካጋጠመዎት እጁን ይያዙት።

ማሳውን በኦም አይለኩ። አንድ ክር ብቻ የቀረው ገመድ እንኳ በኦም ደህና መስሎ ይታያል። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ (ማሰሪያው ላይ ሳይሆን)፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ ያድርጉ፤ ሌላ ሰው ሞተሪኖ ያዙር። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ደክሟል። ከዚያ ሞተር ተነስቶ መብራትና ፋን በርቶ የኮምፒውተሩን የማሳ ሽቦ ይለኩ፤ እዚህ ከ0.1 ቮልት በላይ አይፈቀድም። ብሎኑን ይፍቱ፣ ብረቱ እስኪያበራ ይፈትጉ፣ ያጥብቁ፣ ከላይ ቫዝሊን ይቀቡ። ብዙ «የሴንሰር ችግር» የሚያበቃው እዚህ ነው።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ፤ በዚህ አካባቢ ደህና ዕቃ የሚያስጥለው እሱ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ማፕ ሴንሰር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካው) ባለው መኪና ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ብቻ ሲከፈት የሚታየው የአየር ግፊት ደሴ ላይ 75 ኪሎ ፓስካል፣ ኮምቦልቻ ላይ 81 አካባቢ መሆን አለበት። የጥገና መጽሐፉ 101 ይላል፤ እሱ የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። ደሴ ላይ 101 የሚያሳይ ሴንሰር ካለ የተበላሸው እሱ ነው። የሙቀት ሴንሰርን ወይም ቴርሞስታትን በፈላ ውሃ ሲፈትኑም ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሳይሞላ እንደሆነ ያስታውሱ።

የውሃ ሙቀት ሴንሰር የመኪናው ነዳጅ ፍጆታ ላይ ትልቅ ሥልጣን አለው፤ ለመፈተን ደግሞ ከሁሉም ይቀላል። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ በስካነር የውሃውንና የሚገባውን አየር ሙቀት ያወዳድሩ፤ ሁለቱም ተቀራራቢና ከጠዋቱ ብርድ ጋር የሚስማሙ መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ ከራቀ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ስካነሩ −40 ማሳየት አለበት። ከዚያ የሶኬቱን ሁለት ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ ያገናኙ፤ ወደ 140 መዝለል አለበት። ሁለቱንም ካደረገ ሽቦውና ኮምፒውተሩ ጤነኛ ናቸው፣ ሴንሰሩን ይግዙ። ካላደረገ አዲስ ሴንሰር ምንም አይረዳም። የቶዮታው ሴንሰር ራሱ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ይለካል።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን የሐረጎ ዳገት ሲወጣ ሞቆ የሚጠፋ፣ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲበርድ የሚነሳ መኪና መጀመሪያ የሚጠረጠርበት የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) ነው። እንደጠፋ ሞተሪኖ እያዞሩ በስካነር ዙሩን ይዩ፤ ሞተሩ እየዞረ ዙሩ ዜሮ ከሆነ ምልክቱ ወደ ኮምፒውተሩ አልደረሰም። በቶዮታው 1ኤንዜድ ሞተር ሴንሰሩ ሲበርድ ከ985 እስከ 1,600 ኦም፣ ሲሞቅ ከ1,265 እስከ 1,890 ይለካል። በርዶ ደህና፣ ሞቆ ግን መስመሩ የተቆረጠ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ሲለካ ቤት ሳይሆን መንገድ ላይ፣ በትኩሱ ይለካ። ዙር እያሳየ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ወደ ቤንዚን ፖምፓና ወደ ኮይል ይሂዱ።

ፒ0171 ማለት ቤንዚኑ ለአየሩ አነሰ ማለት ነው። ኦክስጅን ሴንሰሩን ለመወንጀል አይቸኩሉ፤ እሱ ወሬ ነጋሪ ነው። ፊውል ትሪሙን (ኮምፒውተሩ ቤንዚን ስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን ቁጥር) በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እና በ2,500 ዙር ይዩ፤ የአጭርና የረጅም ጊዜ የሚባሉት ሁለቱ ትሪሞች ተደምረው ከ10 በመቶ ባያልፉ ጥሩ ነው። በሚኒሞ 20 ሆኖ በ2,500 ወደ ዜሮ ከወረደ ከኤር ፍሎው ሴንሰሩ (የሚገባውን አየር መጠን ከሚለካው) በኋላ ያለ ቱቦ ወይም ጋስኬት አየር ይስባል። ዙር ሲጨምር የሚብስ ከሆነ የደከመ ፖምፓ፣ የተዘጋ ፊልትሮ ወይም የቆሸሸ ኤር ፍሎው ሴንሰር ነው። የኤር ፍሎው ሴንሰሩን ቀጭን ሽቦ በጨርቅ አይንኩት፤ ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ ይረጩትና ይድረቅ። ኦክስጅን ሴንሰሩ ራሱ ሞተር ሲሞቅ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ቶሎ ቶሎ ከተወዛወዘ ሥራውን እየሠራ ነው።

ኮምፒውተር ሞቷል ለማለት በመጀመሪያ ወደ እሱ የሚገባው 12 ቮልትና ማሳ ሙሉ መሆን አለበት። ከዚያ ባለ ሦስት ሽቦ ሴንሰር ሶኬት ላይ (ለምሳሌ የትሮትል) 5 ቮልት ይፈልጉ። ከሌለ በ5 ቮልት የሚሠሩትን ሴንሰሮች አንድ በአንድ ይንቀሉ። አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ መስመሩን ሾርት ያደረገው ያ ነው፤ ኮምፒውተሩ ንጹሕ ነው። ሁሉም ተነቅለው፣ ሽቦውም ከቦዲ ጋር አለመነካካቱ ታይቶ፣ አሁንም ከሌለ ያን ጊዜ የኮምፒውተሩን ሳጥን ይክፈቱ። የደሴ ክረምት እዚህ ይገባል፤ ከተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ እርጥብ ከሆነ ሳጥኑ ላይ ውሃ ወርዶ ሊሆን ይችላል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅለው በፒኖቹ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ በአልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፣ በደንብ ያድርቁ፤ ብዙዎቹ ከዚህ በኋላ ይነሳሉ።

ያገለገለ ሳጥን አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ የሚያስመጡ ከሆነ የቶዮታው ቁጥር ብዙውን ጊዜ በ89661 ይጀምራል። ቀሪዎቹም ቁጥሮች አንድ ሳይቀሩ መመሳሰል አለባቸው፤ ማንዋልና አውቶማቲክ አይቀያየሩም። የድሮውን ተለጣፊ ፎቶ አንስተው ለሻጩ ይላኩ። ቁልፉ ኢሞቢላይዘር (የስርቆት መከላከያ) ካለው፣ ሌላ ሳጥን ተገጥሞ ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው ሊጠፋ ወይም ጭራሽ ላይነሳ ይችላል፤ ቁልፉን ከሳጥኑ ጋር የሚያላምድ ሰው ሳያገኙ፣ ካልሠራም መመለስ እንደሚችሉ ሳይስማሙ ገንዘብ አይላኩ።