የጃፓኗን የሸክላ እርግብ በቤት መሥራት

ጃፓኖች ሃቶቡዌ ይሏታል፣ የእርግብ ፊሽካ ማለት ነው። ጭራዋን አፍ ውስጥ ከትተው ሲነፏት «ሁ ሁ» ትላለች። በሰሜን ጃፓን፣ ሂሮሳኪ በምትባል ከተማ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ ትሠራለች። እርግብ ስትበላ አያንቃትም ብለው ስለሚያምኑ፣ ልጁ ምግብ እንዳያንቀው ይሰጡታል።

ቅርጹ ቀላል ነው። የሸክላ ጭቃውን ድንጋይ ለቅማችሁ በደንብ እሹት። የእንቁላል ያህል አድቦልቡሉና በክር ለሁለት ቁረጡ፣ ግድግዳው ግማሽ ሴንቲሜትር እስኪሆን ውስጡን በማንኪያ ፈልፍሉ። ጠርዙን በሹካ ቧጨር አድርጋችሁ፣ በውኃ የተበጠበጠ ጭቃ ቀብታችሁ መልሳችሁ ግጠሙት። ከፊት ጭንቅላት፣ ከኋላ ወፈር ያለ ጠፍጣፋ ጭራ ቀጥሉበት።

ጣጣው ድምፁ ላይ ነው። የእኔ የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርግቦች «ሽሽሽ» ከማለት ውጪ ምንም አልወጣቸውም! የአይስክሬም እንጨት በጭራዋ በኩል፣ ከሆዷ በታች ባለው ግድግዳ ልክ፣ ክፍት ቦታው እስኪደርስ ግፉ። እንጨቱን ሳታወጡ፣ ከሆዷ ሥር ጫፉ ያለበት ቦታ ላይ አንድ ሴንቲሜትር የማይሞላ አራት ማዕዘን መስኮት ቁረጡ። ከዚያ ከጭራው ትይዩ ያለውን የመስኮቱን ጠርዝ ከውጭ በኩል በ45 ዲግሪ አካባቢ እየሞረዳችሁ እንደ ቢላ ስለት አሳሉት፣ ምክንያቱም ትንፋሹ እዚህ ስለት ላይ ተመትቶ ግማሹ ወደ ውስጥ ግማሹ ወደ ውጭ ሲከፈል ነው ድምፅ የሚወለደው። እንጨቱን አውጡና በጭራው ቀዳዳ አጮልቁ፦ ስለቱ መሀል ላይ ካልታያችሁ አትጮህም። ጭቃው እርጥብ እያለ ንፉ፣ አስተካክሉ፣ ደግሞ ንፉ። ከደረቀ በኋላ ማረም የለም።

ሲሳካ ደረቷ ላይ አንድ ቀዳዳ ብሱ። በጣት ሲዘጋና ሲከፈት ሁለት ድምፅ ታገኛላችሁ። ቦታው ለውጥ አያመጣም፣ ስፋቱ ነው ድምፁን የሚያቀጥነው።

ጥላ ውስጥ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ይሰነጠቃል፣ በደንብ ሳይደርቅ እሳት ካገኘው ደግሞ ይፈነዳል። ጀበና የምትሠራ ሴት ካወቃችሁ ከጀበናዎቿ ጋር ታቃጥልላችሁ። ሳይቃጠልም ይጮሃል፣ ግን ምራቅ ሲነካው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል።

ቀለሙን እንደፈለጋችሁ። ጭራዋን ግን አትቀቡ፣ ልጁ አፉ ውስጥ የሚከተው እሱን ነው።