ከክሮስሊንኪንግ በኋላ የኬራቶኮነስ ታካሚን ለዓመታት መከታተል

ኬራቶኮነስ ኮርኒያ (የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን) እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበት በሽታ ነው። ክሮስሊንኪንግ፣ ማለትም ኮርኒያውን በሪቦፍላቪን (ቫይታሚን ቢ2) ጠብታና በአልትራቫዮሌት ጨረር የማጠንከር ሕክምና፣ በሽታው እንዳይብስ ይገታል እንጂ ኮርኒያውን ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመልስም። ሕክምናው መያዙ የሚታወቀው ልኬቱ ለዓመታት ሳይባባስ ሲቆይ ነው።

መነሻው ከሕክምናው በፊት የተወሰደው ልኬት ነው። አዲስ አበባ ታክሞ ክትትሉን ባሕር ዳር የሚቀጥል ሰው የቶፖግራፊ (የኮርኒያ ቅርጽ ካርታ) ወረቀቱን ይዞ ይምጣ። የጨረሩ መጠንም ይጻፍ፤ በነባሩ አሠራር በካሬ ሴንቲሜትር 3 ሚሊዋት ለ30 ደቂቃ ነው።

ቀጠሮው በ1፣ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ ይሁን። በየጊዜው በመነጽርና ያለመነጽር የሚያየውን፣ የኮርኒያውን ከፍተኛ ኩርባና የሳሳውን ቦታ ውፍረት መዝግቡ። ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ከሆነ ከሁለት ሳምንት በፊት ያውልቅ፤ ሌንሱ ኮርኒያውን ተጭኖ ቅርጹን ስለሚለውጥ ልኬቱ ያሳስታል። መሣሪያም አትቀያይሩ፤ የሁለት መሣሪያ ቁጥር አይነጻጸርም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ያስደነግጣሉ። ኩርባው ከፍ፣ ውፍረቱ ዝቅ ይላል፣ ኮርኒያው ጭጋግ ይለብሳል። ለምሳሌ ከሕክምናው በፊት 54.0 ዳዮፕተር (የኩርባ መለኪያ) የነበረ ኩርባ በ1ኛው ወር 55.1 ሊሆን፣ በ12ኛው ወር 53.6 ሊገባ ይችላል። ይህ ቁስል ሲሽር የሚታይ ነውና "ሕክምናው አልሠራም" ብላችሁ አትጻፉ። ከዓመት በኋላ ግን በ12 ወር ውስጥ 1 ዳዮፕተርና ከዚያ በላይ ከጨመረ በሌላ ቀን ድገሙት፤ ያው ከሆነ ወደ ኮርኒያ ስፔሻሊስት ላኩት።

በበጋው አቧራ ዓይን ሲያሳክክ ማሸት ይበዛል፣ በሽታውንም ያባብሳል። ታካሚው ልጅ ከሆነ "አላሽም" ቢልም እናቱን ጠይቁ። ስቴሮይድ ጠብታ የዓይን ግፊት ሊጨምር ስለሚችል የታዘዘለት ሰው ግፊቱ ይለካ፤ በሳሳ ኮርኒያ ላይ ግን ንባቡ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ስለሚወጣ "ደህና ነው" ብላችሁ አትዘናጉ።

መዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ዓይን በየቀጠሮው አንድ መስመር ይኑር፣ ቀኝና ግራ አይቀላቀል። ካርዱ ጥር 11 ቀን 2017 ሲል መሣሪያው ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ያትማል፤ ሁለቱም ይጻፉ። መሣሪያው ላይ ስም በላቲን ሲገባ አጻጻፉ ከተለያየ አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል፤ ስለዚህ በካርድ ቁጥር ፈልጉ።

ከደቅ ደሴት በጀልባ የሚመጣ ሰው ቀጠሮው ሲርቅ ይጠፋል። የጎረቤት ወይም የዘመድ ስልክ ጨምራችሁ ያዙ፣ ሳምንት ሲቀረው ደውሉ። የቀረ ሰው እየከፋበትም ሆነ ድኖ ሊሆን ስለሚችል ሳጥኑን "ያልመጣ" ብላችሁ ሙሉት እንጂ የባለፈውን ቁጥር አትገልብጡበት።