ኤሊዋ ተኝታ አልነበረም፦ በደሴ ብርድ ተሳቢ እንስሳ ለማሳደግ ለምታስቡ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን "አጎቴ፣ ኤሊ ግዛልኝ" ብሎ ይዞኛል። ስልኩ ላይ አንድ ሰው እንሽላሊት ትከሻው ላይ አስቀምጦ ቡና ሲጠጣ አይቶ ነው። ተሳቢ እንስሳ ማለቴ ነው እንግዲህ፤ የኮምቦልቻን መንገድ የሚያጨናንቀውን የከባድ መኪና ተሳቢ አይደለም። እሺም እምቢም አላልኩትም። "መጀመሪያ ቴርሞሜትር ይዘህ ና" አልኩት። ለምን እንዳልኩት ልንገራችሁ።

መልኩን አይቶ መምረጥ

ሁላችንም የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንስሳው ያምራል፣ ይመጣል፣ ከዚያ "ምን ይበላል?" ይባላል። ስለ ሙቀት የሚጠይቅ የለም። እነዚህ እንስሳት ግን እንደ ድመት ወይም እንደ በግ ከራሳቸው ሰውነት ሙቀት አያገኙም። ከፀሐይ፣ ከሞቀ ድንጋይ፣ ከአምፖል ነው የሚወስዱት። ከበረዳቸው የበሉትን እንኳ መፍጨት ያቅታቸዋል። ደሴ ደግሞ ጦሳ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ከፍታው ወደ 1,850 ይወርዳል፣ ሹራባችሁንም ታወልቃላችሁ። ስለዚህ የኮምቦልቻው ጓደኛችሁ "እኔ ጋ ምንም አልሆነም" ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ ግን ስለ ሌላ አየር ነው የሚያወራው።

ቴርሞሜትሩን እንስሳው የሚያድርበት ቦታ ላይ አድርጉት፣ ወለሉ ላይ። ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉት ይሸውዳችኋል፣ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ነው የሚተኛው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ አንብቡት። ህዳር ወይም ታህሳስ ውስጥ አንድ ሳምንት መዝግቡ። እንስሳውን የሚመርጥላችሁ ያ ቁጥር ነው።

በብርድ ዝም ያለውን "ተኝቷል" ማለት

ልጅ እያለሁ ሹፌር የነበረ ዘመዳችን ከባቲ ቁልቁል ካለው ቆላ አንዲት ኤሊ አመጣልኝ። ወሩ ታህሳስ ነበር። ካርቶን ውስጥ ጭድ አንጥፌ ጓዳ አስቀመጥኳት። ሁለት ቀን ጎመን በላች። ከዚያ አንገቷን አስገብታ ዝም አለች። አያቴ "ተኝታለች፣ ተዋት፤ ብርዱ ሲያልፍ ትነሳለች" አሉኝ። አንድ ጠዋት ካርቶኑን ስከፍት አፍንጫዋ ላይ ትንሽ አረፋ አየሁ። ልክ እንደ ሳሙና አረፋ፤ ስትተነፍስ ያብጣል፣ መልሶ ይሟሽሻል። አፏንም ከፈት አድርጋ ነበር። ነቃች ብዬ ደስ አለኝ። ጥር ሳያልቅ ሞተች።

አሁን ሳስበው የሳንባ ምች ነው እንጂ እንቅልፍ አልነበረም። በቆላችን ያሉት ኤሊዎች፣ ነጠብጣብ ያላት ሌፐርድ ቶርቶይዝም ሆነች ትልቁ ሱልካታ፣ የብርዱን ወራት ተኝቶ የማሳለፍ ተፈጥሮ የላቸውም። ያ የነሄርማን ኤሊ ነው፣ በሜዲትራኒያን አካባቢ ያሉት። ሰው ስለ እነዚያ ያነበበውን አምጥቶ ለእኛዋ ያውለዋል። አረፋ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ ያበጠ ዓይን፣ ለቀናት አለመብላት ካያችሁ አትጠብቁ፤ ቶሎ አሙቁና ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱ።

ከመንገድ ዳር አንስቶ መውሰድ

የኔዋ ኤሊ መጀመሪያውኑ ካለችበት መነሳት አልነበረባትም። ያኔ ማንም አልነገረንም። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል። የምድር ኤሊና እስስት ድንበር ተሻግረው ሲነገዱ ደግሞ ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ይቆጣጠራቸዋል። ከውጭ ላስገባ ብትሉም ፈቃድ አለው። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣንን ሳትጠይቁ ለማንም ቀብድ አትክፈሉ። ሕጉ ባይኖር እንኳ ከዱር የተያዘ እንስሳ ብዙ ጊዜ ሆዱ ውስጥ ትል አለበት፣ ከሰውም ጋር ቶሎ አይለምድም። የምታሳድጉት በሰው እጅ ተፈልፍሎ ያደገ ይሁን።

"እስስትስ? ደጋ ላይ ትኖር የለ?" የሚሉኝ አሉ። ልክ ነው፣ ብርዱን የሚችሉ የደጋ እስስቶች አሉን። ብርዱን ትችላለች፣ እናንተን ግን አትችልም። መነካካት ያስጨንቃታል። ከሳህን ውሃ አትጠጣም፣ ቅጠል ላይ ያለች ጠብታ ነው የምትልሰው። ለጀማሪ ከባድ ናት። ቁጥቋጦዋ ላይ እንዳለች እዩዋት፣ በቃ።

"የመስኮት ፀሐይ ይበቃዋል"

አይበቃም። አጥንት ለመገንባት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ዲ 3 የሚሠራው አልትራቫዮሌት ቢ በሚባለው ጨረር ነው፣ እሱን ደግሞ የመስኮት መስታወት ያስቀረዋል። እንስሳው ሞቆት፣ በደንብ እየበላ፣ አጥንቱ ግን ይለሰልሳል። የኤሊ ቅርፊት ሲጫኑት እሺ ካለ ነገሩ ከረመ ማለት ነው። ወይ ለዚሁ የተሠራ አምፖል ይገዛል፣ ወይ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ያለበት ግቢ ማውጣት ነው። በመስታወት ሳጥን አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጡት ብቻ። የደጋ ፀሐይ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀቅለዋል።

መብራት የማይጠፋ ይመስል ማቀድ

ይሄን እንኳ ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልገኝም። መስታወት ሳጥን ያምራል፣ ሙቀት ግን አይዝም። ለእኛ አየር የጣውላ ሳጥን ይሻላል፤ ፊቱ ብቻ መስታወት ይሁን፣ በጀርባው ፎም ይለጠፍበት። ማሞቂያው ያለ ቴርሞስታት (ሙቀቱ ሲበዛ ራሱ የሚያጠፋ፣ ሲቀንስ የሚያበራ መሣሪያ ነው) አይሰካ፣ እንስሳውን ያቃጥለዋል። መብራት ሲሄድ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ (የፈላ አይደለም!) በሃይላንድ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ሳጥኑ ውስጥ አድርጉ፣ ላዩ ላይ ጋቢ ጣሉበት፣ አየር ማስገቢያውን ግን አትድፈኑ። አብሽሩ፣ ጤነኛ እንስሳ አንድ ቀዝቃዛ ሌሊት ቢያሳልፍ አይሞትም። ሆዱ ሞልቶ ቢበርደው ነው ጣጣው፣ ምግቡ ሳይፈጭ ይበሰብሳል። ስለዚህ መብራት በማይታመንበት ሰሞን አታብሉት። ክፍሉን ዘግታችሁ ከሰል እንዳታቀጣጥሉ ደግሞ። እናንተንም ይዟችሁ ይሄዳል።

ምግብ

እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወተት ለኤሊ አይሆንም። ሣርና አረም ነው ዋናው ምግቧ፣ እሾሁ የተላጠ የበለስ ቅጠልም ትወዳለች። ቆስጣ አታብዙባት፣ ካልሲየሙን ይይዝባታል። ነፍሳት ለሚበላ እንስሳ ከማሳ የተለቀመ ፌንጣ አትስጡ፣ መድኃኒት የተረጨበት ሊሆን ይችላል። ፌንጣውን ራሳችሁ ማርባት ሊኖርባችሁ ነው ማለት ነው። እናታችሁን አስፈቅዱ።

ሲያድግ ስንት እንደሚሆን አለመጠየቅ

ሱልካታ ሲፈለፈል መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ሲያድግ ከ50 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አስቡት። ሌፐርድ ቶርቶይዝም 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ትኖራለች፣ ውርስ ውስጥ መግባቷ ነው። ደግሞ ሁሉም ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊያስተላልፉ ይችላሉ፤ ከነኩ በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ፣ ዕቃቸውን ማዕድ ቤት አለማጠብ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይነካ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለብርዳማ ቤት እኔ የምመርጠው ሌፐርድ ጌኮ የሚባለውን ትንሽ እንሽላሊት ነው። መነሻው እነ ፓኪስታንና አፍጋኒስታን ነው፣ ሌሊት ብርድ ያለበት ደረቅ አገር። ከ25 ሴንቲ ሜትር ብዙ አያልፍም፣ የጣውላ ሳጥኑን አንድ ጥግ 32 ዲግሪ ካደረጋችሁለት ሌሊት 18 ድረስ ቢወርድ ይችላል፣ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ አብሯችሁ ይኖራል። ኮርን ስኔክ የሚባለው እባብም ለጀማሪ ጥሩ ነው ይባላል። እሱን ቤት ባስገባ ግን እናቴ ወደ ወልዲያ ትሄዳለች።

ዛሬ ጠዋት ልጁ ደወለልኝ። ቴርሞሜትሩን ገዝቷል፣ ሌሊቱንም ተነስቶ አንብቧል።

"የሳሎኑ ወለል 11 ዲግሪ ይላል። ጌኮው ስንት ነው ያልከኝ?"

"18።"

ትንሽ ዝም አለ። "እና ሰባቱን ከየት እናመጣለን፣ አጎቴ?"